ቪኤልሲ ወይስ ኤምፒቪ? ፊልም ሲከፈት ለሚጨናነቅ ላፕቶፕ የሚሆን የቪዲዮ ማጫወቻ

የአዳማ ሙቀት ብቻውን ላፕቶፕ ያግላል። በዚያ ላይ ፊልም ሲከፈት ፋኑ የሚያጓራ ከሆነ፣ ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ የፕሮሰሰሩን ፐርሰንት እዩ። ከ80 ካለፈ፣ የታመቀውን ቪዲዮ የሚፈታው ግራፊክሱ (የምስል ቺፑ) ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

ቪኤልሲ በ2018 እ.ኤ.አ. ከወጣው ስሪት 3.0 ጀምሮ ይህን ሥራ በራሱ ለግራፊክሱ ይሰጣል። መነካካት አያስፈልግም። ሁሉም ነገር ሜኑ ላይ ስላለ ለቤት ኮምፒውተር ከእሱ የተሻለ አላውቅም።

ኤምፒቪ ሌላ ነው። እንደተጫነ ከተተወ በአብዛኛው በፕሮሰሰሩ ነው የሚያጫውተው። ፊልሙ እየሄደ ኮንትሮልና ኤች አንድ ላይ ሲጫኑ ግን ግራፊክሱ ይረከበዋል። “አይ” (i) የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ስትነኩ ደግሞ የትኛው ክፍል እየሠራ እንደሆነና ስንት ፍሬም እንደተዘለለ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ይህን በጣም እወድለታለሁ፤ በግምት ከመባዘን ያድናል። ሜኑ የለመደ ሰው ግን ይቸገራል።

አሮጌ ማሽን ላይ የመረጣችሁት ማጫወቻ ብዙም ለውጥ የማያመጣበት ጊዜ አለ። በኤች.265 የታመቀ ፊልም ነው ምክንያቱ። ኢንቴል ይህን ፎርማት ሙሉ በሙሉ በሃርድዌር፣ ማለትም በግራፊክሱ፣ መፍታት የጀመረው በ6ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሩ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። የእናንተ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ፣ ፍላሽ ስታስሞሉ ኤች.264 የሆነውን ጠይቁ። ፋይሉ ይገዝፋል፤ ላፕቶፑ ግን እፎይ ይላል።