«የጀርመን ስቲል» የተባለውን ቢላ ሳትፈትኑ እንዳትገዙ

ገና ሊደርስ ነው። ትናንት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ ሳልፍ ያው ቢላ እንደገና ተደርድሮ አየሁት። ጥቁር ካርቶን፣ ውስጡ ሦስት ቢላና አንድ መቀስ፣ ላዩ ላይ «የጀርመን ስቲል፣ መሳል አያስፈልገውም» የሚል ወረቀት። አንዲት እናት አንስተው ሲያገላብጡት ሳይ ሆዴ ባር ባር አለኝ። ጠጋ ብዬ «እናቴ፣ ለምን ፈልገውት ነው?» አልኳቸው። «ለበጉ ነዋ ልጄ» አሉኝ። ይህን ለመጻፍ የቆረጥኩት ያን ጊዜ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ቤተሰቦቼ ማቻክል ነው የሚኖሩት። አባቴ የበዓሉን በግ በየዓመቱ የሚያርደው ራሱ ነው። ከአያቴ የወረሰው ካራ አለው። በመሳል ብዛት ተበልቶ ጠቧል፣ እጀታውም ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። እኔ ከተማ ያለሁት ልጁ ነኝና ባለፈው ፋሲካ አዲስ ይዤለት ልግባ አልኩ። ለሦስቱ ቢላ 1,800 ብር ከፈልኩ። ሻጩ ፊቴ ወረቀት ቆራረጠበት። ወረቀቱ ሲጥ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። እኔም አመንኩ። ደረሰኝ አልጠየቅኩም፤ እሱም አልሰጠኝም።

የፋሲካ ዕለት በጉ ወደ ምሥራቅ ተጋደመ። አባቴ በስመ አብ ብሎ ቢላውን አሳረፈ። ጸጉሩን አልፎ ቆዳው ላይ ቆመ። ደገመው። አሁን ገባ፤ ግን መሀል ላይ ስለቱ እምቢ አለ። ፕላስቲኩ እጀታ በደም ሲርስ ደግሞ እጁ ላይ ይሽከረከር ጀመር። ታናሽ ወንድሜ ሮጦ የአያቴን ካራ አመጣ። በእሱ በአንድ ጊዜ አለቀ። ሁሉም ተደምሮ ምናልባት ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። ግማሽ ደቂቃ ግን ለዚያ እንስሳ ረጅም ነው። አባቴ አልተቆጣኝም። እጁን ታጥቦ ጓሮ ዞረ። ሲመለስ «ነፍስ ያለው ነገር እኮ ነው» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔ የዚያን ቀን ሥጋው አልዋጥ ብሎኛል።

በሦስተኛው ቀን ቢላውን ይዤ ወደ ሻጩ ተመለስኩ። «የበዓል ዕቃ አይመለስም» አለኝ። «አያያዝ ስለማትችሉ ነው» ብሎም ጨመረበት። አርባ ዓመት በግ ያረደን ሰው አያያዝ አይችልም አለ። በጣም ከፋኝ። ግን ልከራከረው ብፈልግ የምናገረው እውቀት አልነበረኝም። ስለ ስለት ምንም አላውቅም ነበርና።

ስለዚህ ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት አማኑኤል ገበያ ወርጄ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ አገኘሁ። ስማቸውን አልጠራም። ቢላውን ተቀብለው አላደነቁትም፣ አልናቁትም። ከሳጥናቸው የተሰበረ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አወጡና አስጠጉ። አልያዘም። ቀጥለው ሞረድ አንስተው ስለቱን እጀታው ሥር ገፋ አደረጉት። ሞረዱ እንደ እንጨት በላው። «ልጄ፣ ይኸ የማንኪያ ብረት ነው» አሉኝ። «ማንኪያ ተስሎ አይታረድበትም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ብረት ተግሎ ሲነከር የሚጠነክረው ውስጡ ባለው ካርቦን ነው። ካርቦኑ ከ0.3 በመቶ በታች ከሆነ ብታግሉትም ብትነክሩትም እምብዛም አይጠነክርም። የመኪና ባሌስትራ ወደ 0.6 በመቶ ገደማ አለው። ቀጥቃጮቻችን የተሰበረ ባሌስትራ ሲያገኙ የሚደሰቱት ለዚህ ነው። አግለው ይቀጠቅጡታል፣ ቅርጽ ያወጡለታል፣ እንደገና አቅልተው ዘይት ውስጥ ይነክሩታል። ከዚያ ደግሞ እንዳይሰባበር በቀስታ ያሞቁታል። ይህ የመጨረሻው ማሞቅ ትንሽ ይመስላል፤ ካልተደረገ ግን ስለቱ እንደ ብርጭቆ ይሸረፋል።

ስቴንለስ የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም የገባበት ብረት ነው። ዝገት የሚከለክለው ክሮሚየሙ ነው። ታዲያ ስቴንለስ ሁሉ አንድ አይደለም። ማንኪያና ድስት የሚሠራበት፣ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ያለው ዓይነት፣ በእሳት አይጠነክርም። ለድስት ግሩም ነው። ለስለት ግን ለስላሳ ነው። ለቢላ የሚሆነው ስቴንለስ ካርቦኑ ከፍ ያለ፣ ተግሎ የተነከረ ሌላ ዓይነት ነው። ሁለቱም ያብረቀርቃሉ፣ ሁለቱም አይዝጉም። በዓይን ብቻ አትለዩአቸውም። ሻጩ የሚጠቀመው ይህንን ነው።

ወረቀቱስ እንዴት ተቆረጠ? ማንኛውም ለስላሳ ብረት ቀጭን ተደርጎ ከተሳለ ወረቀት ይቆርጣል፤ ቆርቆሮ እንኳ ይቆርጣል። ጥያቄው ሁለተኛው ላይ ይቆያል ወይ ነው። የበግ ጸጉር ውስጥ አቧራና አሸዋ አለ። ለስላሳው ስለት እሱን ሲነካ ወዲያው ይዞራል። ሽማግሌው ሚስማር ላይ በዝግታ ጫን አድርገው አሳዩኝ። የእኔ ቢላ ስለት ተጣጥፎ እንደታጠፈ ቀረ። የሳቸው ካራ ትንሽ ለመጥ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እኚህን የመሰሉ ሰዎች በአገራችን ስንት ዘመን ተሰድበዋል። ቡዳ ተብለዋል፣ ጋብቻ ተከልክለዋል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ያለውን ሰው በሥራው እንዳይሰድቡት አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው፤ ስድቡ ግን ከአፋችን ጨርሶ አልወጣም። እኔም ከልጅነቴ የሰማሁት ነገር ስለነበር ወደሳቸው ዘንድ መጀመሪያ አለመሄዴ ዛሬ ያሳፍረኛል። የካርቶኑን ጽሑፍ አመንኩ እንጂ የእጃቸውን ሥራ ሄጄ አላየሁም።

ይህን ሁሉ ሚኒሶታ ላለው የአክስቴ ልጅ በስልክ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና «እኛም ጋ ያው ነው» አለኝ። እሱ በመከር ወራት ፈቃድ አውጥቶ አጋዘን በቀስት ያድናል። (እኛ አገርም ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ክልክል ነው፤ የእኔ ወሬ ስለ ስለቱ ብቻ ነው።) ፍላጻ እንደ ጥይት በምት ኃይል አይገድልም አለኝ። የሚገድለው የደም ሥር በመቁረጥ ነው። ስለቱ የደነዘ ከሆነ የደም ሥሩን ገፋ አድርጎ ያልፈዋል፤ አጋዘኑ ቆስሎ ይሮጣል፣ ጫካ ውስጥ ተሰቃይቶ ይሞታል፣ አዳኙም አያገኘውም። ስለዚህ የፍላጻው ጫፍ ላይ የሚገጠመውን ስለት እንደ ነፍስ ነው የሚመርጡት። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ስለቱ የተተከለ ነው። ሌላው ተጣጥፎ ይበርና እንስሳውን ሲመታ ይከፈታል። የሚከፈተው ቀጥ ብሎ ይበራል፤ ግን ለመከፈት የፍላጻውን ኃይል ይሻማል፣ ቀስቱ ደካማ ከሆነ በደንብ አይገባም። እሱ የሚጠቀመው የተተከለውን ነው፤ ክብደቱ 100 ግሬን፣ በእኛ አቆጣጠር 6.5 ግራም ገደማ። ልምምድ ላይ የተወረወረበትን ደግሞ ዳግም ሳይስል ለአደን አይወስደውም። ከፋብሪካ በወጣው አዲሱ ላይ እንኳ አያምንም። ካርቶን ሣጥን ላይ ላስቲክ ወጥሮ ይፈትነዋል። ስለቱ ላስቲኩን ነካ ሲያደርገው ካልበጠሰው ይመልሰዋል።

ይህ ላስቲክ እኛም ኪስ ውስጥ አለ። ብር የምናስርበት ነው።

እንግዲህ ለገና ካራ የምትገዙ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን አድርጉ። አንድ ላስቲክ፣ አንድ የድምፅ ማጉያ ማግኔትና አንድ ትንሽ ሞረድ ይዛችሁ ሂዱ። በመጀመሪያ ሻጩ ወረቀት ሲቆርጥ አትዩ። በዚያው ቢላ ወፍራም ካርቶን ሃያ ጊዜ ይቁረጥ። ካርቶን ለስላሳ ብረትን ቶሎ ያደነዝዛል። ከዚያ ላስቲኩን ሣጥን ላይ ወጥራችሁ ስለቱን አስነኩት። ከበጠሰው ጥሩ ነው። ከገፋው ወይም ካነጠረው ተዉት።

ማግኔቱ የማንኪያውን ብረት ይለይላችኋል። ካልያዘ ወይም በጭንቅ ከያዘ አትግዙ። ግን መያዙ ብቻ አይበቃም፤ ማንኛውም ተራ የግንባታ ብረትም ይይዛልና። ስለዚህ ሞረዱ ያስፈልጋል። እጀታው ሥር፣ ስለቱ ላይ፣ በጣም በትንሹ ግፉት። ጠንካራ ብረት ላይ ሞረድ ይንሸራተታል፣ ቢይዝም በጭንቅ ነው። ለስላሳው ላይ ግን ወዲያው ይነክሳል። ጀርባውን አትፈትኑ፤ የቀጥቃጭ ካራ ጀርባው ሆን ተብሎ ለስለስ እንዲል የተደረገ ሊሆን ይችላልና ያሳስታችኋል። ሻጩ በሞረድ አላስነካም ካለ ዕቃው የሱ ነው፣ መብቱ ነው። እናንተም አለመግዛት መብታችሁ ነው።

እጀታውን እዩ። ብረቱ እጀታው ውስጥ እስከ ጫፍ ካልደረሰ ይወልቃል። የእኔ ቢላ ብረት ፕላስቲኩ ውስጥ የገባው አንድ ጣት ብቻ ነበር። ሽማግሌው ሰብረው አሳዩኝ። ብረቱ በሁለት ችንካር ተይዞ እስከ ጫፍ የሄደ የእንጨት እጀታ በደም ቢርስም ይያዛል።

ደህና ካራ ካላችሁ ደግሞ አትጣሉት፤ ግን ገበያ ላይ በግራይንደር ለሚስሉ ልጆች ስትሰጡ አጠገባቸው ቁሙ። ስለቱ ግራይንደሩ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካመጣ ወደ 300 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው፤ የነበረው ጥንካሬ ይቀንሳል። ቶሎ ቶሎ ውኃ ውስጥ እንዲያስገቡት ንገሯቸው። ከሁሉ የሚሻለው ግን የመሳያ ድንጋይ ነው። ቀስ ብሎ ነው፣ ግን አያቃጥልም።

ደረሰኝም ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። «የበዓል ዕቃ አይመለስም» የሚለው የሻጩ ቃል ነው፣ ሕግ አይደለም። እኔ ይህን ያወቅኩት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው፤ በእጄም ማስረጃ አልነበረኝም። እናንተ ግን ደረሰኙን ያዙ፤ እምቢ ከተባላችሁ ወደ ወረዳችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ።

ትናንት ያገኘኋቸው እናት ቢላውን መልሰው አስቀመጡት። ሻጩ በዓይኑ በላኝ፣ ምንም አይደል። እሳቸውን ወደ አማኑኤል ጠቆምኳቸው። እኔም ከዚያው በ700 ብር ያሠራሁት የባሌስትራ ካራ አሁን አባቴ እጅ ነው። ይዝጋል፤ በታጠበ ቁጥር ቅባት ይፈልጋል። ወንድሜ ትናንት ማታ ሲደውልልኝ አባቴ ደጅ ተቀምጦ ድንጋዩ ላይ እየሳለው እንደነበር ነገረኝ። በክንዱ ጸጉር ላይ ሞክሮት ላጭቷል አለኝ።