ደሴ ላይ ልጆች በእጃቸው የሚሰሩበት የቅዳሜ ከሰዓት ግቢ፤ አራት ጊዜ ሄደን ያየነው

ክረምት ላይ ደሴ ውስጥ ትንንሽ ልጆች ይዞ መዋል ምን እንደሆነ ያሳለፈው ያውቀዋል። ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይነጋል፣ ከሰዓት ዝናቡ ይለቀዋል፣ ግቢው ጭቃ ይሆናል፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። የኔዎቹ ሁለት ናቸው። ትልቋ 6 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 3 ሊደፍን ሁለት ወር ቀርቶታል። ሐምሌ ከገባ ጀምሮ ስልኬ ከእጃቸው አልወጣ አለ። እኔም ስራ ሲበዛብኝ እያየሁ ዝም እላለሁ፣ ማታ ማታ ግን ይቆጨኛል።

ጎረቤቴ ናት የነገረችኝ። ሆጤ አካባቢ አንዲት እናት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆችን ከነወላጆቻቸው ግቢያቸው ሰብስበው የሚበላ ነገርና የእጅ ስራ ያሰራሉ አለችኝ። ታፔላ የላቸውም። ሰፈሩ እትዬ ይላቸዋል፣ ልጆቹ ደግሞ እማማ፤ እኔም እዚህ እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። ክፍያው ለአንድ ልጅ 150 ብር ነው፣ ለሁለተኛው ልጅ ግማሽ። በእጅም በቴሌብርም ይቀበላሉ። ዕቃው ሁሉ ከሳቸው ነው፣ ከቤት የሚመጣው ሽርጥና የሚቀየር ልብስ ብቻ።

እውነቱን ለመናገር ስሄድ ብዙም አልጠበቅኩም። አምና ከአንድ ሱቅ የልጆች የእጅ ስራ ተብሎ የታሸገ ሳጥን ገዝቼ ነበር። ስንከፍተው ማስቲሹ ደርቋል፣ ዶቃው ግማሹ ቀዳዳ የለውም፣ የቀረውን ደግሞ በአንድ ሰዓት ጨረስነውና አበቃ። ሌላ ለመስራት ሌላ ሳጥን መግዛት ነው። ስለዚህ እዚህ ስመጣ አንድ ነገር ለራሴ ወሰንኩ። ቅዳሜ የሰራነውን እሁድ ቤቴ ውስጥ፣ ባለኝ ዕቃ፣ ያለማንም እርዳታ ልድገመው፤ ከተሳካ ጥሩ ነው፣ ካልተሳካ ብሬን አላባክንም አልኩ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ዳቦ ቆሎ ነበር። ዳቦ ቆሎ ለማናችንም አዲስ አይደለም፣ እናቴ ስትሰራ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ግን ልጆቼን አጠገቤ አስቀምጬ አብረን ሰርተን አናውቅም። ሁሌ "ወዲያ በሉ፣ ዱቄት ታፈሳላችሁ" ነው። እትዬ መጀመሪያ ሁሉንም እጅ አስታጠቡ። ከዚያ ለየልጁ ጎድጓዳ ሳህን ሰጡና ዱቄቱን ልጁ ራሱ እንዲሰፍር አደረጉ። ሲፈስ ማንም አልተቆጣም። ልኩ እንዲህ ነው፦ ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሩብ ኩባያ ዘይት፣ ውሃው ደግሞ ከግማሽ ኩባያ ጀምሮ ሊጡን እያዩ ነው። በርበሬ የሚወድ ጣል ያደርጋል። ሊጡ ጠንከር ማለት አለበት፣ እጅ ላይ ከተጣበቀ ውሃው በዝቷል። ከዚያ የልጆቹ ዋና ስራ ይመጣል፤ ሊጡን በመዳፍ እያንከባለሉ እንደ እርሳስ ማቅጠን፣ በታጠበ ጫፈ ድቡልቡል መቀስ ደግሞ እንደ ሽንብራ ፍሬ እያሳነሱ መቁረጥ። ልጄ ምላሷን ከንፈሯ ላይ አውጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ እየቆጠረች ስትቆርጥ አየኋት። ስልክ ላይ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

ብረት ምጣዱ የትልቅ ሰው ነው። እትዬ እሳቱ አጠገብ መስመር በከሰል አስምረዋል፣ ልጅ አያልፈውም። በመካከለኛ እሳት እያገላበጡ 25 ደቂቃ ያህል ይቆላል። ያልገባኝ የነበረውን አንድ ነገር እዚህ ተማርኩ። ትኩሱን ቀምሶ "አልደረቀም" ብሎ እሳት ላይ ማቆየት ስህተት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ነው የሚንኮሻኮሸው። አንዷን አውጥቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ለሁለት መስበር ነው። መሃሏ ከለሰለሰ ይመለሳል። እኔ ዘንድ ለዓመታት ሲያርብኝ የኖረው ለካ በዚህ ነበር። እሁድ ቤት ደገምኩት፣ ተሳካ። አንድ ማሰሮ ሙሉ ወጣልን፣ ልጄ ለአባቷ ስትሰጠው "ይቺን እኔ ነኝ የቆረጥኳት" እያለች አንድ በአንድ ነበር።

ትንሹ ግን ዳቦ ቆሎ አልተሰጠውም፣ ይሄን ለይቼ መጻፍ እፈልጋለሁ። እትዬ በር ላይ የየልጁን ዕድሜ ይጠይቃሉ። ከ4 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ዳቦ ቆሎም፣ ቆሎም፣ ለውዝም፣ ፈንዲሻም አያቀምሱም፣ ምክንያቱም ደረቅና ትንንሽ ነገር ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ ያንቃል። እኛ ቤት ቡና ሲፈላ ፈንዲሻው ለሁሉም ይበተን ነበር። አሁን አቁሜያለሁ። ለትንንሾቹ በሶ ነው የቀረበላቸው። በሶ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ቁንጥር ጨውና ትንሽ ማር ተደርጎ በእጅ ይታሻል፣ ከዚያ ልጁ ራሱ ጭብጦ ያደርገዋል። እሳት የለ፣ ቢላ የለ። ልጄ ሰባት ጭብጦ ሰርቶ ሦስቱን በላ። ማሩን በተመለከተም አንድ ዓመት ያልሞላው ህፃን ማር መቅመስ እንደሌለበት ለሁላችንም ተናገሩ፣ በወተትም በውሃም ቢበጠበጥ ያው ነው።

ነሐሴ ከገባ ወዲህ ደግሞ ፍልሰታ ስለሆነ የሚሰራው ሁሉ የጾም ነው። ቅቤም እንቁላልም የለበትም። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ ከአንድ ሳህን ይበላል። ወሎ ነውና ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው አስቀድመው ማሰባቸው ልቤን ነክቶታል።

በጣም የወደድኩት ሦስተኛው ቅዳሜ ነው። የእንቁጣጣሽ ስዕል። ልጆች በአዲስ ዓመት ጠዋት በየቤቱ ይዘው የሚዞሩትን የአበባና የመልአክ ስዕል ታውቁታላችሁ፤ አሁን አሁን ብዙው የታተመ ተገዝቶ ነው የሚመጣው። እትዬ ከለር እንኳን አልገዙም። ቀለሙን ከማድቤት አወጡት። እርድ በጥቂት ውሃ ፈልቶ ቢጫ፣ ቀይ ስር ተፈቅፍቆ ተጨምቆ ሮዝ፣ ጎመን ተወቅጦ አረንጓዴ፣ ከሰል ተፈጭቶ ጥቁር። ብሩሹ እንጨት ላይ የታሰረ ጥጥ ነው። ቢጫውና ሮዙ ሲቀላቀሉ ብርቱካን መጣ፣ ልጆቹ ጮሁ፣ እኔም አብሬ ጮህኩ።

ማስቲሹም ከዱቄት ነው። ሁለት ማንኪያ ዱቄት መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ ከዚያ አንድ ኩባያ የፈላ ውሃ ላይ ይጨመርና እስኪወፍር በትንሽ እሳት ይማሰላል። እሁድ ቤት ስሞክር ዱቄቱን በቀጥታ የፈላው ውሃ ላይ ጨመርኩትና ጓጎለብኝ፣ ደግሜ ሰራሁት። ሁለት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ይሸታል፣ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ መስራት ነው። ለወረቀትና ለካርቶን ከተገዛው አያንስም። ለእንጨት አይሆንም።

አንድ ነገር ግን አስጠንቅቃለሁ። የልጄን ቢጫ አበባ መስኮት ላይ ለጠፍነው፣ በሳምንቱ ደበዘዘ፣ አለቀሰች። ለእትዬ ስነግራቸው "አብሽሪ፣ እርድ ፀሐይ አይወድም፣ ደብተር ውስጥ ይቀመጥ" አሉኝ። ለእንቁጣጣሽ የምትሰሩ ጳጉሜን ላይ ስሩት፣ ወይም ብርሃን ከማያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ልብስ ላይ ሲፈስም እንዲሁ ነው፤ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ ስጡት፣ ይለቃል።

ስለ ዱቄት ካነሳሁ፣ ኢንተርኔት ላይ ዱቄትና ጨው በውሃ አቡክቶ ለልጆች መጫወቻ ማድረግ ሞልቷል። ጠየቅኳቸው። "እህል ነው ልጄ፣ የሚበላን ነገር አስረግጠን አንጣለው" አሉኝ። ለማስቲሽ የምትገባው ሁለት ማንኪያ ናት፣ ይሄኛው ግን ኩባያ ኩባያ ዱቄት ይበላል። እሳቸው የሸክላ አፈር ነፍተው ነው የሚያቀርቡት። ጀበና፣ ስኒ፣ በግ፣ ምድጃ፤ ልጆቹ ሁሉንም ሰሩ። ዱቄት በተወደደበት ጊዜ እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ።

አንድ ቀን ባለቤቴም መጥቶ ነበር። አባቶች ብዙ ጊዜ በር ላይ ጥለው ነው የሚሄዱት። እትዬ ግን "አንተስ ልጅ ሆነህ ምን ትሰራ ነበር?" ብለው ጠየቁት። የሽቦ መኪና አለ። ሽቦና ፒንሳ አመጡለት። ከተበጠሰ ሲሊፐር ጎማ ቆርጦ፣ ረጅም መሪ አበጅቶ፣ አምስት ልጅ ከቦት ሰራው። ይሄን ሁሉ ዓመት አብሬው ስኖር ይሄን እንደሚችል አላውቅም ነበር። መኪናው አሁን ቤታችን ነው ያለው፣ መሪው ላይ ልጄ ቀይ ክር ጠምጥማበታለች።

አራተኛው አለላ ነበር፣ ከሰኞ ገበያ የተገዛ። ስፌት የምታውቁ እንደምትረዱት ስድስት ዓመት ልጅ ወስፌ አይጨብጥም። ስለዚህ ክብ ካርቶን ጠርዙ በመቀስ ይቆራረጥና ክር ይወጠርበታል፣ አለላው ውሃ ውስጥ ቆይቶ ከለሰለሰ በኋላ አንዱን ክር ከላይ አንዱን ከታች እያለ ይገባበታል። የክሮቹ ብዛት ጎዶሎ መሆን አለበት፣ 9 ወይም 11፤ ሙሉ ከሆነ ዙሩ ሲመለስ እዚያው መንገድ ላይ ይወድቃል፣ አይጠላለፍም። የስኒ ማስቀመጫ ይወጣዋል። ለልጄ ከባድ ነበር፣ ግማሹን እኔ ጨረስኩት። 8 ዓመት ለሞላቸው ይሻላል።

ጉድለት አለው። 8 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ አንድም ቀን በሰዓቱ አልተጀመረም፣ 40 ደቂቃ የጠበቅንበት ቀን አለ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ዝናብ ሲመጣ ከሰገነቱ ሁሉም ወደ ውስጥ ሲገባ ወላጅ ቆሞ ነው የሚውለው። መቀሱ አራት ብቻ ስለሆነ ልጆች ይጣሉበታል፣ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ቀን ደግሞ የሽንብራ ንፍሮ ታስቦ ሳይበስል ልጆቹ ተራቡ። ሽንብራው ሌሊቱን አልተዘፈዘፈም ነበር። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፣ እሳት ቢጨመር ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም፣ ጥራጥሬ ጊዜ ይወስዳል። 25 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ቤት ንፍሮም ቶሎ ይደርሳል፣ ሊጥም በሙቀቱ ቶሎ ይነሳል፤ ከሷ የተቀበልኩትን ሰዓት እዚህ ስጠቀም ሁሌ ያጥረኛል። እትዬ ጥፋቱን አምነው ለልጆቹ ዳቦ አስገዙ፣ ቅር አላለኝም፣ ግን ከሩቅ የሚመጣ ሰው ለልጁ መክሰስ ይያዝ።

ከ10 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ የሚሰለች ይመስለኛል። ከ4 እስከ 9 ላለው ግን በዚህ ዋጋ ሌላ የሚሻል አላየሁም። ከአራቱ ሦስቱን እሁድ ቤቴ ውስጥ ደግሜ ሰርቻለሁ፣ አዲስ የገዛሁት ነገር ቀይ ስር ብቻ ነው። ሕፃን ያላችሁ አዝላችሁ መምጣት ትችላላችሁ፣ ለሕፃን አይከፈልም። ቦታው ስለሚሞላ ሐሙስ ላይ ደውሎ ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ ስልካቸውን እዚህ አላስቀምጥም፣ ሆጤ ገብታችሁ ልጆች የሚሰሩበት ግቢ ብትሉ ያሳዩአችኋል።

እኛ ለሚቀጥለው ተመዝግበናል። ቡሄ ስለደረሰ ሙልሙል ነው። ልጄ ከአሁኑ ለጎረቤት ልጆች "ሆያ ሆዬ ስትሉ የምሰጣችሁን እኔው ነኝ የምጋግረው" ብላ ቃል ገብታለች፣ ስለዚህ ዱቄቱን ዛሬ ገዝቼ አስቀምጫለሁ።