ላንጋኖ፣ ዲያኒ ወይስ ዛንዚባር? ለጋብቻ ዓመት ጸጥ ያለ የውሃ ዳር ፍለጋ

ባለፈው ዓመት ስድስተኛ የጋብቻ ዓመታችንን ለማክበር ከከተማ ወጣ ብለን ነበር። የቦታውን ስም አልጠራም። ክፍሉ ጥሩ፣ አልጋው ጥሩ፣ በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር፣ ፊት ለፊት ሐይቅ። ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን አጥሩ ላይ ሰቀለች። "በቃ፣ ዛሬ ማንም አይጠራኝም" አለች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከታች ካለው ሜዳ "ሄሎ፣ ሄሎ፣ ማይክ ቼክ" የሚል ድምፅ መጣ። ለካ የአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ቀን ነው። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት የዕጣ ቁጥር ሲጠራ ሰማን። 047 ፍሪጅ ወጣለት።

ዘንድሮ ሳልጠይቅ አልከፍልም ብያለሁ። ያየሁትንም፣ ከሄዱ ጓደኞቼ የሰማሁትንም ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። የማነጻጽረው ሦስት ቦታ ነው፦ ላንጋኖ፣ የኬንያው ዲያኒ እና ዛንዚባር።

ቢሾፍቱና ሐዋሳስ? ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ጸጥታውን የበላውም ይኸው ቅርበቱ ነው። ልደቱም፣ ቀለበቱም፣ የቅዳሜ ሽርሽሩም እዚያው ነው። ደግሞ አብዛኞቹ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ስለሆኑ ዳራቸው ገደል እንጂ አሸዋ አይደለም። ሐዋሳን እወዳታለሁ። ጠዋት አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ መብላትን የመሰለ የለም። ግን ሐዋሳ ከተማ ናት፤ ሐይቋም ለዓይን እንጂ ለዋና አይመከርም።

የተጋባችሁበት ወር

ሰው ሪዞርት ሲመርጥ ፎቶ ነው የሚያየው። እኔ ከካላንደሩ ጀምሩ እላለሁ። እኛ ዘንድ ሠርግ ወቅት አለው። ወይ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ጥር ላይ ነው፣ ወይ ከፋሲካ በኋላ ዳግማይ ትንሣኤን ተከትሎ ነው። የጋብቻ ዓመታችሁም ከሁለቱ በአንዱ ቢውል አይገርምም።

የጥር ሙሽሮች ታድላችኋል። በጥር ዛንዚባርም ዲያኒም ደረቅና ሞቃት ናቸው፤ ላንጋኖም ፀሐይ ነው። የፈረንጅ ገናና አዲስ ዓመት ሰሞን ግን ዋጋው ጣሪያ ይነካል። ከጥምቀት በኋላ ያለውን ሳምንት ብትፈልጉ ይሻላል።

የፋሲካ ሙሽሮች ተጠንቀቁ። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ የስዋሂሊ ተናጋሪዎች "ማሲካ" ይሉታል፤ ዋናው የዝናብ ወቅት ነው። ፋሲካና ማሲካ አብረው ነው የሚመጡት። ይህን ያወቅኩት በራሴ ነው። እኛ የዳግማይ ትንሣኤ ሙሽሮች ነን፤ ጫጉላችንንም ዛንዚባር ነበር ያሳለፍነው። "ልዩ ቅናሽ" የሚል ማስታወቂያ አይተን፣ ሌላ ምንም ሳንጠይቅ ከፈልን። ከአምስቱ ቀን አራቱን ዘነበ። ዝናቡ ደግሞ የእኛ ክረምት ዓይነት አይደለም፤ ይሞቃል፣ ይወብቃል፣ የሰቀላችሁት ልብስ ሁለት ቀን አይደርቅም። በዚያ ሰሞን ጭራሽ የሚዘጉ ሪዞርቶችም አሉ። የቅናሽ ማስታወቂያ ካያችሁ ከዋጋው በፊት ወሩን አንብቡ።

እና የፋሲካ ሙሽራ ምን ያድርግ? ወይ በቀኑ ላንጋኖ ይሂድ፣ ወይ በዓሉን ወደ ክረምት ይግፋው። ከሰኔ እስከ መስከረም አዲስ አበባ ዶፍ ሲወርድባት፣ የስዋሂሊ ዳርቻ ደረቅና ነፋሻ ነው። ክረምቱን ከአሜሪካ ለሚመጡ ዘመዶቻችንም ይኸው ወቅት ነው የሚገጥማቸው። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን ለታንዛኒያ ቪዛ 100 ዶላር እንደሚከፍል አስቀድሞ ይወቅ።

ላንጋኖ

ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፈጣን መንገዱ እስከ ሞጆ፣ ከሞጆ ደግሞ በሌላው ፈጣን መንገድ እስከ ባቱ። ከዚያ ብዙ አይቀርም። ከመነሳታችሁ በፊት በዚያ ሰሞን ወደዚያ የተመላለሰ ሰው ስለ መንገዱ ሁኔታ ጠይቁ፤ አመሻሽ ላይም አትንዱ።

ውሃውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ቅር ይለዋል። ማኪያቶ ነው የሚመስለው። እስከ ጉልበታችሁ ገብታችሁ ብትቆሙ የራሳችሁን የእግር ጣት አታዩም። ቆሻሻ ግን አይደለም፤ ደለሉ ነው እንዲያ ያደረገው። ከቢልሃርዝያ ነፃ በመሆኑ የታወቀ ስለሆነ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል ዋናተኛ የሚመርጠው እሱን ነው። ጠዋት ውሃው እንደ ጠረጴዛ ይረጋል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ትንንሽ ማዕበል ወደ አሸዋው ይመጣል፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ባሕር ዳር ያለ ይመስለዋል።

ዋናው ነገር የትኛው ዳር እንደምታርፉ ነው። ምዕራቡ ዳር ለአስፋልቱ ቅርብ ስለሆነ ብዙዎቹ ሪዞርቶች፣ እንደ ሳባና ያሉት ጭምር፣ ያሉት እዚያ ነው። በረንዳ ላይ ሆናችሁ ከማዶ ከአርሲ ተራሮች ጀርባ ፀሐይ ስትወጣ ታያላችሁ። ለመግባትም ለመውጣትም ቀላል ነው። ቀላል በመሆኑም ጄት ስኪውም ድምፅ ማጉያውም እዚያ ይመጣል። ምሥራቁ ዳር፣ ቢሻንጋሪ በሚባለው በጫካው በኩል፣ ሌላ ዓለም ነው። ስሙ በኦሮምኛ "ጥሩ ውሃ" ማለት ነው። መንገዱ የአፈር ስለሆነ ትንሽ መኪና ያስቸግረዋል፤ ለዚህም ነው ግርግር የማይደርስበት። ትልልቅ ዛፎች አሉ፣ ጉሬዛ አለ። ፀሐይዋ የምትጠልቀው ደግሞ ውሃው ላይ ነው። ለሁለት ሰው በዓል እኔ ሳላመነታ ምሥራቁን እመርጣለሁ።

ከዳሩ ቀጥሎ ቀኑ ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሂዱ። "በሥራ ቀንማ ስልጠና ይበዛል" የሚል አለ፤ እውነት ነው፣ ይበዛል። ግን ሠልጣኝ ቀን አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የምታገኙት በሻይ ዕረፍት ለብስኩት ሲሰለፍ ነው። ዲጄ ይዞ የሚመጣው የዓርብ ማታው ነው።

ዲያኒ

ዲያኒ ከሞምባሳ በስተደቡብ ያለ ረጅም ነጭ አሸዋ ነው። ለእኛ ትልቁ ጥቅሙ ቪዛ ነው፤ ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሞምባሳ ድረስ በቀጥታ ይበራል። ከአየር ማረፊያው ወደ ዲያኒ ለመሄድ ድሮ ሊኮኒ ላይ ጀልባ መጠበቅ ግድ ነበር፤ አሁን በዶንጎ ኩንዱ በኩል የሚያልፍ መንገድ ስላለ ሹፌሩን በዚያ እንዲወስዳችሁ ንገሩት።

ውሃው ጥርት ያለ ነው። ከዳር ራቅ ብሎ ያለው የኮራል ድንጋይ ትልቁን ማዕበል ስለሚሰብረው ዋና ለማይችል ሰው አያስፈራም። የሚያስቸግረው ዳርቻው ላይ የሚመላለሰው ነጋዴ ነው። "ጃምቦ" ብሎ ይጀምራል፤ ቁልፍ መያዣ፣ የጀልባ ሽርሽር፣ ግመል ግልቢያ እያለ ይቀጥላል። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ እንጀራቸው ነው። ግን እጅ ለእጅ ተያይዞ ዝም ብሎ መሄድ ለፈለገ ሰው ዝምታ አይገኝም። ከዋናው ዲያኒ ወደ ደቡብ ገፋ ብሎ ያለው ጋሉ ይረጋል። ቁርሳችሁን ደግሞ ከዝንጀሮ ጠብቁ። ባለቤቴን የመሰለች ዳቦዋን ጠረጴዛ ላይ ትታ ስልክ የምታነሳ ሰው አንድ ቀን ትጾማለች።

ዛንዚባር

የዛንዚባር ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከባሕሩ ሽሽት ነው፤ ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይሞላል። ሰዓቱም በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ይገፋል። በጫጉላችን ሁለተኛ ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል የዋና ልብሳችንን ለብሰን፣ ፎጣ ትከሻችን ላይ ጥለን ወጣን። ማታ ከደረጃው ሥር የነበረው ባሕር የለም። ሩቅ፣ አንድ ኪሎ ሜትር የሚሆን ቦታ ላይ፣ ነጭ የአረፋ መስመር ይታያል። በመካከሉ እርጥብ አሸዋ፣ ኩሬ፣ ጎን ለጎን ያጋደሉ ጀልባዎች። ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው በእንጨት ችካል መካከል የተወጠረ ገመድ ላይ የባሕር አረም ያስራሉ፤ እርሻቸው ነው፣ ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል። ባለቤቴ ፎጣዋን ይዛ ቆማ "ለመዋኘት ወይስ ለመኮትኮት ነው የመጣነው?" አለችኝ።

ይህ የምሥራቁ ዳር ጠባይ ነው፤ ፓጄ፣ ጃምቢያኒ፣ ማቴምዌ። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ባሕራቸው ብዙም አይሸሽም፤ ቀኑን ሙሉ መዋኘት ይቻላል። ታዲያ ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ጭፈራውም እዚያ ነው፤ ኬንድዋ በሙሉ ጨረቃ ሌሊት በሚደረግ የባሕር ዳር ፓርቲ ይታወቃል። ዝምታ ፈልጎ በዚያች ሌሊት ኬንድዋ የደረሰ ባልና ሚስት የእኛን 047 ያስታውሰናል።

ስለዚህ ዛንዚባር ላይ ምርጫው እንዲህ ነው። ዋና ካስቀደማችሁ ሰሜን፣ ጸጥታ ካስቀደማችሁ ምሥራቅ። ከምሥራቁ ማቴምዌን ወይም ፖንግዌን እመርጣለሁ። ማቴምዌ የአሣ አጥማጆች መንደር ነው፤ ከፊቱ ምኔምባ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች፣ ጠልቀው ዓሣ የሚያዩባት። ፖንግዌ ደግሞ ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ስለገባች ከነፋስ ትከለላለች። ፓጄ ነፋስ የሚወዱ፣ በካይት እየተጎተቱ ውሃ ላይ የሚንሸራተቱ ወጣቶች ቦታ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ተዉት። ከመክፈላችሁ በፊት የምትሄዱበትን ሳምንት የሽሽትና የሙላት ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ እዩ። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ ሲሆን ባሕሩ አብዝቶ ይሸሻል። ውሃው በሸሸ ጊዜ ስትሄዱ የጎማ ጫማ አድርጉ፤ ጃርት የመሰለ ጥቁር እሾሃም ፍጥረት አለ፣ የረገጠው አይረሳውም።

ሌላው ረመዳን ነው። የደሴቲቱ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ በጾሙ ወር ቀን ላይ ከሪዞርቱ ውጭ የሚበላበት ቦታ ያንሳል፤ በአደባባይ መብላትም ነውር ነው። የእኛን ጾም ለሚጾም ደግሞ ደሴቲቱ አታስቸግርም። ቦሎቄ በኮኮናት ወተት ከሩዝ ጋር በየመንደሩ አለ፤ ለሰኔ ጾም ይሆናል።

ኪስ

ላንጋኖ የሚከፈለው በብር ነው። ግን "ፕላስ ፕላስ" የምትለዋን ጠይቁ፤ በተነገራችሁ ዋጋ ላይ 15 በመቶ ተእታና አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ የአገልግሎት ይጨመራል። ዲያኒና ዛንዚባር በዶላር ነው የምታስቡት። ብዙ ሪዞርቶች ለአካባቢው ሀገራት ዜጎች ቅናሽ አላቸው። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች እኛን አይጨምርም፤ እንደ ፈረንጁ ነው የምንከፍለው።

ለዛንዚባር ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጠየቅ የግዴታ የጉዞ መድን አለ፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ሌላ መድን ቢኖራችሁም ይህን አያስቀርም። የቢጫ ወባ ካርድ ለሁለቱም ሀገር ያዙ። የታንዛኒያን ቪዛ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጨርሱ። ፌስታል ደግሞ ሁለቱም ሀገር ከልክለዋል፤ ጫማችሁን በፌስታል ጠቅልላችሁ ሻንጣ አትክተቱ።

የትኛው ለማን?

ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ብቻ ካላችሁ አትብረሩ። ግማሹ በአየር ማረፊያ ሰልፍ ያልቃል፤ ላንጋኖ ምሥራቁ ዳር ይበቃል። አምስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ካላችሁ፣ ወሩም ማሲካ ካልሆነ፣ ማቴምዌ ወይም ፖንግዌ። ሁለት ሌሊቱን ለስቶን ታውን ብታደርጉትም አይቆጭም፤ የድሮው ከተማ ጠባብ መንገድ መኪና አያስገባም። ባሕር አምሯችሁ የቪዛ ጣጣ ካልፈለጋችሁ ጋሉ።

የትም ብትሄዱ ግን ቡኪንግ ላይ ተጭናችሁ አትጨርሱ፤ ደውሉ። ክፍሉ ከባሩና ከጄኔሬተሩ በምን ያህል ርቀት ነው? በዚያ ሳምንት ሠርግ፣ ስልጠና፣ የሠራተኞች ቀን አለ ወይ? ሙዚቃ ስንት ሰዓት ይዘጋል? "እንደ እንግዳው ነው" የሚል መልስ ከሰማችሁ እንግዳው ማን እንደሆነ ጠይቁ።

እኛ ወስነናል። ዘንድሮ በቀኑ ላንጋኖ፣ ምሥራቁ ዳር፣ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕም አይጾምም። ዛንዚባርን ለአሥረኛው ዓመት፣ ለሰኔ አቆይተነዋል፤ ባለቤቴ የሽሽቱን ሰንጠረዥ ራሷ ሳታይ ብር እንዳይከፈል ብላለች። ትናንት ለላንጋኖው ደወልኩና ጥያቄዎቼን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ልጅቷ በትሕትና መለሰችልኝ። መጨረሻ ላይ "ማክሰኞ ማታ ምንም ዝግጅት የለም አይደል?" አልኳት።

"የለም ጌታዬ፣ ባዶ ነው" አለች። "ከፈለጉ ግን ዲጄ እናመጣለን።"