ባለ አንድ ምላጭ መላጫ ለራስ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ከመስከረም እስከ ግንቦት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን ላይ። ዕቃው ሦስት ቦታ የሚፈታው የድሮው ዓይነት መላጫ ነው፦ ክዳን፣ ሳህንና እጀታ። መሀሉ ላይ በሁለቱም ጠርዝ የሚቆርጥ አንድ ምላጭ ይገባል። ብረቱ ክሮም የተቀባ የዚንክ ቅይጥ ነው። ራሱን እስከ ቆዳው ለሚላጭና ማጅራቱን ሽፍታ ለሚያስቸግረው ሰው፣ ከባለ ሦስቱና ከባለ አምስቱ ፕላስቲክ ይህ ይሻላል። ርካሽነቱ ትርፍ ነው።

ምላጭ ሲደራረብ የፊተኛው ፀጉሩን ይስበዋል፣ ተከታዩ ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠው ጫፍ ከቆዳ በታች ይገባል። ለዞማ ፀጉር ግድ የለም። ከርዳዳ ፀጉር ግን እንደገና ሲበቅል ሹል ጫፉ ታጥፎ ቆዳውን ይወጋል፤ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ አንዳንዴም ይመግላል። አንድ ምላጭ ከቆዳው እኩል ቆርጦ ያልፋል። መዳፍ ሲያልፍበት ትንሽ ይሻክራል፤ የተገዛውም ለዚሁ ነው። እንደ ብርጭቆ ካልለሰለሰ የማይረካ ሰው ገንዘቡን ባያባክን ይሻለዋል።

ፀጉሩ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ አስቀድሞ በቶንዶስ ይውረድ። አለዚያ ምላጩና ሳህኑ መሀል ይጠቀጠቅና እጅ ሳይታወቀው መጫን ይጀምራል። ራስ የሚቆስለው በመጫን ነው፤ የብረቱ ክብደት ብቻውን ይበቃል።

የአገሩ ብርድ የራሱ ጣጣ አለው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ከፔርሙዝ አንድ ኩባያ ከሁለት ኩባያ የቧንቧ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ራስ የሚችለው ለብ ያለ ውሃ ይወጣል። ፎጣ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ሦስት ደቂቃ መጠምጠም ፀጉሩን ያለሰልሰዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ግን ፎጣው ወዲያው ስለሚቀዘቅዝ ሁለት ፎጣ ማፈራረቅ ያስፈልጋል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ አረፋውም ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ ራስን በሙሉ አንዴ መቀባት ስህተት ነው፦ ሁለት ባቄላ የሚያህል ክሬም በብሩሽ ተመትቶ ግማሹ ወገን ይቀባል፣ ይላጫል፣ ከዚያ ሌላው። የልብስ ሳሙና የቆዳውን ቅባት ጠርጎ ስለሚወስድ ለዚህ አይሆንም።

እጀታው ከቆዳው 30 ዲግሪ ያህል ራቅ ብሎ ይያዛል። አንዱ ጉተታ ከ3 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፤ ጆሮ ግንድ አካባቢ ደግሞ ከዚያም ይጠር። አናት ላይ ፀጉር ዞሮ ስለሚበቅል መላጫውም አብሮት ይዞራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማጅራት ላይ ነው። ከላይ ወደ ታች መላጨት ልማድ ሆኗል፤ የማጅራት ፀጉር ግን ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ነው የሚበቅለው። በጣት ዳስሱት፤ የማይሻክረው አቅጣጫ የበቀለበት ነው። መጀመሪያ በዚያው፣ እንደገና ክሬም ተቀብቶ ወደ ጎን። በበቀለበት ተቃራኒ መመለስ የለም።

የሚላጨው ራስ ከጢም ቦታ ስለሚሰፋ አንድ ምላጭ ከሦስት ጊዜ በላይ አይሄድም። ዘጠኙ ወር 26 ያህል ምላጭ በልቷል። ምላጩን በፎጣ መጥረግ ጫፉን ያበላሸዋል፤ በውሃ አራግፎ ማድረቅ ይበቃል። ያገለገለውን ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ መጣል ነው እንጂ ለማንም አይሰጥም፤ ኤች አይ ቪም ሄፓታይተስ ቢም በደም የሚተላለፉ ናቸው።

ከተላጩ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳያሹ ማድረቅ፣ ከዚያ ስስ ቫዝሊን። ግሊሰሪን የሚመርጥ በእኩል ውሃ ያቅጥነው፤ ንጹሑ በዚህ ደረቅ አየር ከቆዳው እርጥበት ይስባል። አልኮል ያለበት ሽቶ ያቃጥላል፣ ያደርቃልም፤ የሚረግፈውን ደረቅ ቆዳ ፎሮፎር ነው ብሎ መድኃኒት የሚፈልግም አለ። የሱፍ ኮፍያ በተላጨ ራስ ላይ እንደ ሞረድ ነው፤ ከሥሩ ስስ ጥጥ ይሁን። ማታ ተላጭቶ ማደር ይህን ሁሉ ያቀልለዋል፤ በተለይ በነጋታው ጣርማ በርን አልፎ ሸዋ ሮቢት ለሚወርድ፣ ምክንያቱም የቆላው ላብ ገና ምላጭ ያለፈበትን ቆዳ ይለበልበዋል። ማጅራት ላይ ጠንካራ እብጠት ከወጣ ምላጩ ይቁምና የቆዳ ሐኪም ይየው፤ እስከዚያው ቶንዶስ ብቻ፣ እሱም ከቆዳው ራቅ ብሎ።

ዕቃው ራሱ ሁለት ነውር አሳይቷል። በሰባተኛው ወር የሳህኑ ጠርዝ ላይ ክሮሙ መላጥ ጀምሯል። የብሎኑ ጥርስም ለስላሳ ነው፤ አጥብቀው ካሰሩት ይበላል። ሌላው ሱቅ ላይ የሚታይ ነው፦ ምላጭ አስገብታችሁ አጥብቁና ከፊት ለፊት ተመልከቱ። በአንዱ በኩል ምላጩ በሌላው ካለው በላይ ከወጣ ሌላ አስመርጡ፤ ያ ወገን ሁልጊዜ ይቆርጣችኋል።