ለወንድሜ እግር ለደረሱለት ሁለት ባለሙያዎች

ታናሽ ወንድሜን ወደ ሩጫው የመለሱትን ሁለት ባለሙያዎች በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ስማችን ይቅር ስላሉ አልጽፈውም፤ ሥራቸውን ግን ሯጭ ልጅ ወይም ወንድም ያላችሁ ሁሉ ስሙልኝ።

ወንድሜ ሱሉልታ የሚሠለጥን የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ባቱን ሰቅዞ ይይዘውና እግሩ ይደነዝዛል፤ ሲቆም ወዲያው ይለቀዋል። ጡንቻ ነው ተብሎ ታሸ፣ ዕረፍት ታዘዘለት። ተኝቶ የታየው የመጀመሪያው አልትራሳውንድም ምንም አላሳየም።

ከሁለቱ አንዷ የሆነችው የአልትራሳውንድ ባለሙያ ግን አስቀድማ አዳመጠችው። «የሚያምህ ስትሮጥ ከሆነ እግርህ ዐርፎ ብቻ ባየው ምን አገኛለሁ?» አለችው። መሣሪያውን ከጉልበቱ በስተኋላ እጥፋቱ ላይ አሳርፋ፣ ነዳጅ እንደሚረግጥ ሹፌር የእግሩን ጫፍ ወደ ታች እንዲጫን አዘዘችው። በስክሪኑ ላይ ይንቦገቦግ የነበረው፣ የደሙን ፍሰት የሚያሳየው ቀይ ቀለም ቀጠነ፣ ከዚያም ጠፋ። እግሩን ሲያላላ ተመለሰ። በዓይኔ አየሁት! ቀጥላም የቁርጭምጭሚቱን የደም ግፊት ከክንዱ ጋር አስተያየች፤ እንቅስቃሴ ከሠራ በኋላ የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ወርዶ ተገኘ፤ ደም ወደ እግሩ በደንብ አይደርስም ማለት ነው።

የደም ሥር ቀዶ ሐኪሙ አልቸኮለም። አጥብቆ ሲጫን የደም ቧንቧው የሚጠብብ ጤነኛ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ሕመሙና ምስሉ መገጣጠማቸውን በሲቲ አንጂዮግራፊ (የደም ቧንቧን በሚያሳይ የሲቲ ምርመራ) ሳያረጋግጥ ቢላ አላነሣም። የባቱ ጡንቻ ውስጠኛ ራስ ከተፈጥሮው ያለቦታው ተጣብቆ ቧንቧውን ይጫነው ኖሯል። ይህን አፈጣጠር መጀመሪያ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1879 በኤድንብራ የነበረ የሕክምና ተማሪ መሆኑን ሲነግረን ተደነቅሁ፤ ያን ያህል የቆየ እውቀት ዛሬም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በቀዶ ሕክምናው የሚጫነውን ጡንቻ ቆርጦ ቧንቧውን ነጻ አወጣው። ግድግዳው ገና ስላልተጎዳ ሌላ ነገር አላስፈለገውም። ቢዘገይ ኖሮ ቧንቧው ጠባሳ ያበጃል፣ ደም ሊረጋበትም ይችላል፤ ያን ጊዜ ከራሱ እግር ሌላ ደም ሥር ወስዶ መተካት ሊያስፈልግ ነበር። ችግሩ በሁለቱም እግር ሊኖር ስለሚችልም ሳንጠይቀው ሌላኛውን አስመረመረልን።

ሁለታችሁንም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ሲሮጥ ባቱን የሚያመው፣ ሲያርፍ የሚተወው ወጣት ያላችሁ፣ «እግሩን እየተጫነ ይታይልን» ብላችሁ ጠይቁ። የሚሠሩበትን ለማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።