ትንፋሼን ማዳመጥ ላስተማሩኝ የዮጋ መምህሬ

ይህን የምጽፈው ለዮጋ መምህሬ ያለኝን ምስጋና በአደባባይ ለመግለጽ፣ እግረ መንገዴንም ዮጋ ለመጀመር አስበው ከማን ዘንድ ቢማሩ እንደሚሻል ለቸገራቸው ሰዎች ጥቆማ ለመስጠት ነው። አካልን ማጠፍና መዘርጋት የሚያሳይ አሠልጣኝ ሞልቷል፤ እሳቸው ግን እንቅስቃሴው ከትንፋሽ፣ ትንፋሹም ከሐሳብ ጋር ካልተያያዘ ከተራ ጅምናስቲክ አይለይም ባይ ናቸው፤ ትምህርታቸውም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

አሠራራቸውን በቀላሉ እንቅስቃሴ ላስረዳ። ቆመን እጃችንን ወደ ላይ ስናነሳ ትንፋሽ መሳብ የምንጀምረው እጃችን ከመንቀሳቀሱ ጥቂት ቀደም ብለን ነው፤ እጃችን ከላይ ደርሶ ካረፈ በኋላም ትንፋሹ ትንሽ ይቀጥላል። ስናጎነብስም እንዲሁ አየሩ መውጣት ሲጀምር ወገብ ይከተላል፤ ጣት መሬት ነካም አልነካም፣ ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል እንቅስቃሴው ይቆማል። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሲሠራ ግን ሐሳብ ለአፍታ ወደ ሥራ ወይም ወደ ስልክ ሸርተት ካለ እጅና ትንፋሽ ወዲያው ይተላለፋሉ፤ አእምሮ እዚያው መሆኑና አለመሆኑም የሚታወቀው በዚህ ነው። ይህ አካሄድ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ በህንድ ማይሶር ከተማ ዮጋ ያስተምሩ ከነበሩት ከክሪሽናማቻርያ የሚወርድ ሲሆን፣ መምህሬ ምንጩን ሳይጠቅሱ አያልፉም።

ምክንያቱንም ያብራራሉ። ትንፋሽ ስናወጣ ዲያፍራም (ከሳንባ በታች ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) ወደ ላይ ተመልሶ ሆድ ስለሚሰበሰብ ማጎንበስና መጠምዘዝ ይቀላል፤ ስንስብ የጎድን አጥንቶች ስለሚሰፉ ደረትን የሚከፍቱ አቋሞች ይመቻሉ። አወጣጡን ከአሳሳቡ ማርዘም ደግሞ ከአንጎል ወደ ልብ በሚወርደው በቬገስ ነርቭ በኩል የልብን ምት ዝግ ስለሚያደርግ፣ ከባድ አቋም ላይ ቆሞም ቢሆን መረጋጋት ይቻላል።

ክፍል ውስጥ ሲዘዋወሩ ከሚያዩት የሚሰሙት ይበልጣል። አንድ ቀን በጦረኛው አቋም (አንዱን እግር ከፊት አጥፎ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግቶ በሚቆምበት) ላይ ሳለሁ የታጠፈው እግሬ ጭኑ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ትንፋሼን ሳይታወቀኝ ያዝኩት። ከኋላዬ ቀርበው፣ አስፈቅደው፣ መዳፋቸውን ከታችኛው የጎድን አጥንቴ ላይ አሳረፉና «እስከዚህ ድረስ ይምጣ» አሉኝ። አየሩ እጃቸውን ገፋ ሲያደርገው ትከሻዬ ከጆሮዬ ሥር ወረደ፣ መንጋጋዬም ላላ፤ ጭኔ መንቀጥቀጡን ባይተውም አቋሙ የሚቻል ሆነ። ትንፋሽ ከተቆራረጠ አቋሙ ከአቅም አልፏልና መለስ ማለት ይገባል የሚለው መመሪያቸው፣ አሳና፣ ማለትም የዮጋ አቋም፣ ጽኑም ምቹም ይሁን ከሚለው ከጥንቱ የዮጋ ሊቅ ከፓታንጃሊ ትምህርት ጋር የሚገጥም ነው። ከጎን ያለው ሰው ምን ያህል እንደተዘረጋ ማየት በእሳቸው ክፍል ትርጉም የለውም፤ በእኔ ግምት ትልቁ ስጦታቸውም ይኸው ነው።

ላብ በላብ የሚያደርግ ፈጣን ሥልጠና ለሚፈልግ ሰው ግን ትምህርታቸው ዝግ ሊልበት ይችላል። በመጨረሻ በጀርባ ተኝቶ የሚታረፍበትን ሻቫሳና ሰዓት አለቀ ብለው አያሳጥሩትም፤ የሚቸኩል ሰው ይህንንም ይወቅ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ዓይን ግፊት፣ ስለ እርግዝናና ስለ ወገብ ሕመም አስቀድመው ይጠይቃሉ፤ እንደ መልሱም ጭንቅላት ወደ ታች የሚሆንባቸውን አቋሞች ያስቀራሉ ወይም ይቀይራሉ።

መምህር፣ ስለ ትዕግሥትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ፣ መማር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ምግብ ከበላችሁ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ያለፈ ይሁን፤ በሞላ ሆድ ዲያፍራም እንደልብ አይንቀሳቀስምና የመጀመሪያው ትምህርት ይባክንባችኋል።