ለዓሣ ገንዳ ቀዩ ድንጋይ ወይስ ፑሚስ? በኪሎ ስትገዙ ውኃ እንዳትገዙ

በዚህ ወር ብቻ አራት ጓደኞቼ «ለዓሣ ገንዳዬ የቱን ድንጋይ ልግዛ?» ብለው ጠይቀውኛል። ድንጋዩ ገንዳ ውስጥ የሚገባው ውኃውን የሚያጠሩ ባክቴሪያዎች እንዲሰፍሩበት ነው። መልሴ ለሁሉም አንድ ነው። ቀዩን ስኮሪያ ግዙ፣ ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን። ፑሚሱን፣ ያንን ቀላል ቀዳዳማ ድንጋይ፣ ተዉት። ይህን ያወቅኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው።

አምና አንድ ሱቅ ገብቼ ፑሚስ ገዛሁ። ድንጋዩ ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፏል። ሻጩ «እንዳይንሳፈፍብህ ብለን ነው» አለኝ። ውሸቱን አይደለም፣ ደረቅ ፑሚስ እንደ ቡሽ ይንሳፈፋል። ሦስት ኪሎ መዘነልኝ። ኪሎው 150፣ ጠቅላላው 450 ብር። ቤት ስደርስ ነገሩ ከነከነኝ። ድንጋዩን ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት፣ አምስት ቀን ፀሐይ መታው። መልሼ ስመዝነው 1 ኪሎ ከ900 ግራም ሆነ። 1 ኪሎ ከ100 ግራሙ ውኃ ነበር! 165 ብር ለቧንቧ ውኃ ከፍያለሁ። የደረቁ ድንጋይ ኪሎ 237 ብር ገባ ማለት ነው።

ቀዩንም ሞከርኩት። 2 ኪሎ ደረቅ ስኮሪያ ባልዲ ውስጥ አሳደርኩ፣ ጠዋት ላዩን በጨርቅ ጠርጌ መዘንኩ። 2 ኪሎ ከ300። የክብደቱን 15 በመቶ ነው የጠጣው። የኔ ፑሚስ 58 በመቶ ያህል ጠጥቶ ነበር። ሁለቱም የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ናቸው፣ ሁለቱም ቀዳዳ በቀዳዳ ናቸው። ነገር ግን በፑሚስ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ግድግዳ በጣም ስስ ነው፣ የስኮሪያው ወፈር ይላል። ለዚህ ነው ስኮሪያ ገና ሲገባ የሚሰምጠው።

አንዱ ጓደኛዬ «ብዙ የሚጠጣው ለባክቴሪያው አይሻልም ወይ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ ይሰፍራሉ። ግን ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ውኃ እየተመላለሰ በሚነካው ቦታ ነው በደንብ የሚሠሩት። ድንጋዩ ሆድ ውስጥ ገብቶ የተኛ ውኃ ብዙም አይጠቅማቸውም። የስኮሪያ ሰፋፊ ቀዳዳዎች ይበቃሉ።

የፑሚስ ሌላው ጣጣ መፈርፈሩ ነው። ሲነካካ ደቃቅ አሸዋ ይረግፋል። የኔ ፓምፕ በሁለተኛው ወር መጮህ ጀመረ፣ ቆይቶ ቀጥ አለ። ፈትቼ ሳየው ትንሿ መዘውር ዙሪያዋን ተፍቃለች። ሠሪው ጋ ወሰድኩት፣ መለዋወጫ የለውም አለኝ። አዲስ ፓምፕ 1,800 ብር። እንግዲህ ደምሩት።

አሁን ደግሞ ስለ አስመስሎ የተሠራው። በሚያምር ከረጢት የታሸገ «የእሳተ ገሞራ ድንጋይ» በ1,200 ብር ገዝቼ ነበር። በሁለተኛው ቀን ውኃው ሮዝ መሰለ። አንዱን በመዶሻ ስሰብረው ውስጡ ግራጫ ነው። ቀለም የተቀባ ሲሚንቶ! አቼቶ ጠብ ሳደርግበት አረፋ ደፈቀ። ሲሚንቶ የውኃውን ፒኤች (የአሲድነቱን መለኪያ) ከፍ ያደርጋል፣ ዓሣ ይጎዳል። የእውነተኛው ስኮሪያ ቅላት ከዛገ ብረት የመጣ ስለሆነ ስትሰብሩት ውስጡም ቀይ ነው። ሻጩ አንድ ፍንካች እንድትሰብሩ ካልፈቀደ ትታችሁ ውጡ።

በድንጋዩ ፈንታ የሚሸጠው የሴራሚክ ቀለበት መጥፎ አይደለም። ለትንሽ ማጣሪያ ሳጥን ይመቻል። ግን ግማሽ ኪሎ 1,400 ብር ጠይቀውኛል፣ በዚያ ዋጋ አልገዛውም።

ስኮሪያውን ከየት? በቢሾፍቱ ዙሪያ ካሉት ኮረብታዎች እየተቆፈረ ለግንባታ ይመጣል። እኔ ሰፈር ውስጥ ቤት ከሚሠሩ ሰዎች ግማሽ ማዳበሪያ በ100 ብር ወሰድኩ፣ ለባጃጅ 60 ከፈልኩ። ሲሚንቶ፣ ኖራ ወይም ዘይት የነካውን እንዳትወስዱ፣ ከክምሩ መሀል ምረጡ። ቡጢ የሚያካክሉትን ለዩ። ቀይ አቧራው እስኪጠራ እጠቡት፣ እኔን ሰባት ባልዲ ፈጅቶብኛል። ሳሙና በፍጹም! ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል። ጫፉ ስለሚቧጭር ጅራተ ረጅም ጎልድፊሽ ካላችሁ የሾለውን እርስ በርስ አፋትጋችሁ አለዝቡ። ገንዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ሲቆሽሽ ደግሞ ከገንዳው በቀዳችሁት ውኃ እጠቡት። የቧንቧው ክሎሪን ባክቴሪያውን ይገድላል።

ፑሚስ ገዝታችሁ ከሆነ አትጣሉት። የፈላ ውኃ ባልዲ ውስጥ አፍስሱበትና አብሮ ይቀዝቅዝ። ውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ውኃ ይስባል፣ አብዛኛው ይሰምጣል። የኔን ግን ሰብሬ የበረንዳ አበባ ማሰሮዎች አፈር ውስጥ ቀላቀልኩት። የጠጣውን ውኃ ቀስ እያለ ለሥሩ ይሰጣል። ድሮ በየቀኑ የማጠጣቸውን አበቦች አሁን በሦስት ቀን አንዴ ነው የማጠጣቸው።